ማደኛ ክፍል

ጥቅምት 4

የታፔላ ጸሐፊው መጣ ዛሬ። በራችን ላይ «የሸረሪት ማዳኛ ክፍል» ብሎ እንዲጽፍ ነበር የተነገረው። ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ያጠብኩት ወለል ላይ ሰማያዊ ቀለም እያንጠባጠበ ጻፈ። ወረደ። ራቅ ብሎ የራሱን ሥራ አደነቀ። እኔም ቀና ብዬ አነበብኩ።

«የሸረሪት ማደኛ ክፍል።»

«ወንድሜ፣ ጦር ይዘን ልንወጣ ነው እንዴ?» አልኩት።

አየት አደረገው። «የዳ እግር አጥራ ነው እንጂ ሌላው ልክ ነው። ቀለሙ ይድረቅና ነገ መጥቼ አረዝማታለሁ፣ እህቴ።»

ነገ። እሺ። ስምንት ስምንት እግር ያላቸው ሊገቡበት ነው፣ ለበሩ አንዲት እግር ጠፋች!

ክፍሉ ሞቅ ብሏል። የመስታወት ሳጥኖቹ ተደርድረዋል፣ አፈሩ ተነፍቶ፣ ውኃ ተረጭቶበት… ባዶ ናቸው ገና። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። በዚህ በከተማው የእንስሳት ማቆያ ስንት ዓመት የበቀቀን ጥፍር ስከረክም ኖሬ በመጨረሻ የምወደው ሥራ መጣ።

ቤት ስገባ እማዬ ገና ከሶፋው ሳትነሳ፣ «እነዚያን ነገሮች ከነካሽ እጅሽን ታጠቢ!»

«ገና አልመጡም፣ እማዬ።»

«ቢሆንም ታጠቢ።»

ታጠብኩ። ደግሞ ጠየቀችኝ፣ መቼ ነው ወደ ቤቴ የምመለሰው ብላ። ጣሪያው ሲጠገን አልኳት። ግማሹ ወድቆ አይደል ያመጣኋት? ማን እንደሚጠግነው አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳት፤ የማውቀው ነገር የለማ።

ጥቅምት 7

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጃችን ከአፉ «ፕሮጀክት» የምትለው ቃል ስለማትጠፋ ስሙን ፕሮጀክት ብለነዋል። እሱም ያውቃል፣ አይከፋውም፣ እንዲያውም ደስ ሳይለው አይቀርም።

እስቲ ነገሩን አስተካክዬ ልጻፈው፣ ጭንቅላቴ ጠርቶ አላደረም። ባለ ካልሲ የምንላት ታራንቱላ አለች። መዳፍ ታክላለች፣ የእግሮቿ ጫፍ ነጭ ነው። የምትኖረው አንድ ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። ኮረብታውን ደግሞ የድንጋይ ካባ ሊበላው ነው። ካባው ባይደርስባት፣ በሻንጣ ደብቀው ለሀብታም ማሳያ የሚሸጡ ነጋዴዎች ይደርሱባታል። እኛ ቀድመን አንስተን እናራባት ነው የሚባለው። ልክ ነው? ልክ ይመስላል…

«ሁሉንም እናነሳለን» አለ ፕሮጀክት።

«ካባው ባይመጣስ?»

«ፈቃዱ ወጥቷል እኮ!»

«ፈቃድ ወጣ ማለት ዶዘር ወጣ ማለት ነው?»

«ተረጋጊ። ይራቡና በኋላ መልሰን እንለቃቸዋለን።»

«ኮረብታው ከሌለ የት? ቢሮዎ ውስጥ?»

«እሱ በፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ይታያል።»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሙጭጭ አልኩ። የተወሰኑ ሴቶች ይቅሩ፣ ያላቸውን ዕድል በቤታቸው ይሞክሩ። መጨረሻ ላይ ሰልችቶት፣ «በቃ፣ የሚቀሩትን አንቺው ምረጪ» አለ። ብልጥ! ጣጣውን አሸክሞኝ ሻዩን ጠጣ።

ጥቅምት 12

ሄድን። ኮረብታ ተብሎ… ቀይ አፈር፣ ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ። መኪና ውስጥ ሆኖ ሁለቴ የሚያየው ሰው የለም። የካባው ሰዎች በኖራ ምልክት ምልክት አድርገውበታል።

የኮረብታውን ዘበኛ ጋሼ እለዋለሁ። ብቻውን ነው፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችው። «እነዚህን ሰይጣኖች ልትወስዱልኝ ነው? እሰይ!» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ሁሉንም ግን አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም ጋሼ።»

«አመሻሽ ላይ በር በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሳይ… ምን ላድርግ፣ ጎረቤት ናቸው።»

አሠራሩ ቀላል ነው። ቅለቱ ያሳፍራል። ጉድጓዷ አፍ ላይ ድር አለ፤ እሱን በሳር ዘንግ ነካ ነካ። ፌንጣ የመጣላት መስሏት ብቅ ትላለች። ያኔ ከኋላዋ ማንኪያ ሰክቶ መመለሻዋን መዝጋት። ዞር ስትል ቤቷ የለም። አለቀ።

አንድ ወንድ ሸረሪትም አገኘን፣ ጋሼ ደጃፍ ላይ ሲንከራተት። ወንዶቹ በዚህ ሰሞን ነው ሴት ፍለጋ የሚወጡት።

ከላይ በኩል ያሉትን ሦስት ሴቶች ተውኳቸው። «እነዚህ ይቀራሉ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ፕሮጀክት እንዲሰማ። ዕቃችንን እየጫንን ሳለ አንድ ከባድ መኪና መጣ። መሰርሰሪያ ማሽን አወረዱ። አስነሱት። መሬቱ በእግሬ ውስጥ ገባ… ጥርሴ ድረስ።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ዓይኔ እያየ ይደፍጠጡ? ማንም ሳይጠይቀኝ ማንኪያዬን ይዤ ሮጥኩ። ሦስቱንም አወጣኋቸው። የመጨረሻዋ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ነበረች። አወጣጧ የባልቴት ነው፣ ቀስ ብላ፣ ተቆጥታ። እመት ብያታለሁ።

ፕሮጀክት? ፈገግ ብቻ። ጋሼ ግን የያዝኩትን ዕቃ አይቶ፣ «አይደለም ብለሽኝ?» አለ። ማሽኑን በአገጬ አሳየሁት። አንገቱን ደፋ።

ጥቅምት 13

እጄ አሁንም አፈር አፈር ይሸታል። ታጥቤዋለሁ እኮ።

ኅዳር 3

ዛሬ ወንዱን ከሴቶቹ አንዷ ጋር አስገባነው። ሁላችንም መስታወቱ ላይ ተለጥፈን፣ ሰርግ ቤት ያለን ይመስል።

ምን ዓይነት ጨዋ ነው! ዝም ብሎ አልገባም። ድሯን በፊት እግሮቹ ዳሰሰ። ድሩን ሲነካ ነው ሴት እንዳለች የሚያውቀው፣ ዓይኑ ለምንም አይሆንም። ከዚያ አንኳኳ። በእውነት አንኳኳ! ታ ታ ታ… ቆም። ታ ታ ታ… ቆም። ከውስጥ መልሳ መታችለት። ወጣች። ተጋቡ። እንባዬ መጣ፣ ለሸረሪት!

ከዚያ በላችው።

በወረንጦ ልገላግል ብል የት ልድረስ፣ በዓይን ቅጽበት ነው። ፕሮጀክት ደወለ። «ሰርጉ እንዴት ነበር?»

«ሙሽራው ተበላ።»

«ግን ሥራውን ጨርሷል?»

ጨርሷል። አሁን ያለን ነገር በእሷ ሆድ ያለው ነው። የቀሩት ሴቶችም ከኮረብታው ዘር ይዘው መጥተው ሊሆን ይችላል፤ በዓይን አይታወቅም። መጠበቅ።

ታኅሣሥ 20

ይበላሉ፣ ጎሽ! ፌንጣ በፌንጣ ላይ። ሙቀቱንም ከፍ አድርጌላቸዋለሁ። እናት መብላት አለባት አይደል? ሆዳቸው ተነፍቶ እንደ ወይን ፍሬ አብርቷል።

እማዬ ግን አትበላም። «ጠግቤያለሁ» ነው መልሷ። ምን በልተሽ ጠገብሽ? አየር?

ጥር 17

ምግብ እምቢ አለች! ያገባችው። ፌንጣው ጀርባዋ ላይ ሲሄድ እንኳ ዝም። ወይ የእንቁላል ከረጢት ልትሠራ ነው፣ ወይ… ሌላውን አልጽፈውም። አፌን በቁርጥማት!

ጥር 23

ጠዋት ጽዳቷ ስትጮህ ሰማሁ። «ሞተችብሽ! ሞተችብሽ!» ያገባችው ሸረሪት በጀርባዋ ተንጋላለች፣ እግሮቿ ወደ ላይ። ጽዳቷ በመወልወያው ጫፍ ልትገለብጣት ስትል ደረስኩ።

«አትንኪያት! አልሞተችም።»

«ታዲያ ምን ሆና ነው?»

«ቆዳዋን እየለወጠች ነው።»

«ውይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!»

ምን ብዬ ላስረዳት? የወንዱን ዘር የምታስቀምጥባት ከረጢት አለች። ሽፋኗ የቆዳዋ አካል ነው። ቆዳው ሲወልቅ እሱም አብሮ ይወልቃል፣ ከነዘሩ። አዲስ ልብስ፣ ባዶ ኪስ። እንደ ድንግል ሆነች። ወንዱ ደግሞ በሆዷ አልፎ ከሄደ ስንት ጊዜው።

በኮረብታው ብትሆን መጀመሪያ እንቁላሏን ትጥል ነበር፤ ቆዳውን በኋላ ትደርስበታለች። እዚያ ምግብ የለማ፣ እንዲህ ቶሎ አታድግማ! ያቻኮላት ማነው? ያበላት ማነው? ያሞቃት ማነው?

እኔ።

ፕሮጀክት መጥቶ አየ። ቆዳዋ አዲስ፣ ካልሲዋ ነጭ በነጭ፣ ያበራል። «አድጋለች! ፎቶ አንሺልኝ» አለ። አነሳሁለት።

መጋቢት 2

የቀሩትም አንድ በአንድ ቆዳቸውን ጣሉ። እመትም። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ፤ የጓሮው ዝንጀሮ ሲያየኝ ዋለ።

መጋቢት 18

ፕሮጀክት ለሁላችንም ካናቴራ አሳተመልን። ደረቱ ላይ ሸረሪት፣ ከሥሯ «እናድናቸዋለን»። ለብሼው ቤት ገባሁ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፣ ግን ድ-ን አጥብቃ።

«ምን አድርገዋችሁ ነው የምታድኗቸው? ይበላሉ እንዴ?»

«አላልተሽ አንብቢው እማዬ! እንደ አዳኝ ውሻ አይደለም፣ ከሞት ማዳን ነው።»

«እኔ በምን አውቃለሁ? አጻጻፉ አንድ ነው።»

አንድ ነው። ካናቴራውን አውልቄ የወጥ ቤት መወልወያ አደረግኩት።

ሚያዝያ 11

ከሸረሪቶቹ ሁለቱ ሞቱ። ነጭ ነጭ ጥቃቅን ተባይ አፋቸው ውስጥ ገብቶ። አፈሩን ያረጠብኩት በዝቶ ይሆን? በኮረብታው ማን ያረጥብላቸው ነበር… ማንም።

ግንቦት 6

እማዬ ከሶፋው ሆና የሆነ ነገር አለች። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፣ ውኃው ይንፏፏል። «በሬ ናፈቀኝ» ያለች መሰለኝ።

«የምን በሬ? መቼ ከብት ነበረሽ?»

«አጥብቀሽ ስሚ እንጂ! በር! የቤቴ በር!»

ሳቅን። ስንቆይ ግን ሳቁ አለቀ። እሷ ቀጠለች። «እዚያ ሰው ያንኳኳል። ጨው ፈልጎ፣ ልጅ አስቀምጪልኝ ብሎ፣ ወሬ ይዞ። እኔ ማነው እላለሁ። እዚህ ማን ያንኳኳል? አንቺም ቁልፍ አለሽ።»

«ጣሪያው ይወድቅብሻል፣ እማዬ።»

«ይውደቅ።»

«እዚህ ምን ጎደለብሽ?»

«ምንም» አለች። ሳህኗን እንዳለ መለሰችልኝ።

ሰኔ 14

ካባው ቀረ።

ቀረ! ፕሮጀክት ነው የነገረን፣ በሻይ ሰዓት፣ ብስኩቱን እያጠቀሰ። ድንጋዩ ተፈትሾ ልል ሆነ፣ ለግንባታ አይሆንም አሉ። ያ መሰርሰሪያ… ያን ቀን ያየሁት… ድንጋዩን ሊሞክሩ ብቻ ነበር የመጡት። ሞክረው፣ ጠልተውት፣ ማሽናቸውን ጭነው ሄዱ። ኮረብታው እንዳለ አለ።

«ደስ አይልም እንዴ?» አለ፣ ፊቴን አይቶ።

«ለማን?»

«እንዴ፣ ለኮረብታው!»

እኔ ሦስቱን ባልነካ ኖሮ… ሦስቱ እዚያ ነበሩ። በር በራቸው ላይ። ዶዘር አልነካቸውም። ነጋዴ አልነካቸውም። በማንኪያ የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ፣ በደግነት። እኔን ያድርገኝ። ምን ዋጋ አለው አሁን።

ነሐሴ 9

እመት ብቻ ቀረች። ትናንት የሞተችው ያቺ ያገባችው ናት፣ ያቺ ፎቶ የተነሳችው።

መስከረም 19

ክፍሉ ለበቀቀኖች ሊሰጥ ነው። «ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ ሸረሪቷን እንደፈለግሽ አድርጊያት» አለኝ። ይኸው ነው? እንደፈለግሽ? ዓመት ሙሉ «በዓለም ላይ ያለችው እዚህ ብቻ ነው» ስንባባል…

ቤቷ እመልሳታለሁ። ወንድ የለ፣ ምን ታደርጋለች? ታርጅ፤ በቤቷ ትርጅ።

መስከረም 26

የታፔላ ጸሐፊው መጣ! ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው! ወንበሩን ይዞ፣ ብሩሹን ይዞ። «ነገ ብዬሽ ሥራ በዝቶብኝ…»

«የማን ነገ ነው ይሄ?»

አፈረ። ወንበሩ ላይ ወጣ። «ይቺን እግር ላርዝማት ወይስ?»

ቀና ብዬ አየኋት። ማደኛ ክፍል።

«እህቴ? ስህተት ናት አይደል?»

«ውረድ» አልኩት። «አንተ አልተሳሳትክም።»

ግራ ተጋብቶ ወረደ። ሻይ ጋበዝኩት።

ጥቅምት 11

እመትን ይዤ ሄድኩ።

ማለዳ ሳጥኗን ጠርጌ፣ የሠራችውን ድር ሁሉ ለቅሜ ጥዬ፣ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ነበር ያደረግኳት። በመንገድ እንዳትጠላለፍ ብዬ። ልምድ ነው፣ እጅ ራሱ ይሠራዋል።

ጋሼ ገርጥቷል። «አንዷን ብቻ?» አለኝ።

«አንዷን ብቻ።»

የቀሩትን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር። ወጣን። ጉድጓዶቹ አሉ፣ አፋቸው በቅጠል ተሞልቷል። የእሷን ከትልቁ ድንጋይ ሥር በጣቴ ጠረግኩላትና አፉ ላይ አስቀመጥኳት። አልገባችም። እንግዳ ቤት እንደመጣ ሰው ደጅ ላይ ቁጭ አለች።

«ቆይ፣ ሌላም ነገር አለ» አለ ጋሼ። «ሰሞኑን አንድ ይመጣል። አመሻሽ ላይ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

«አንድ ምን?»

«አንድ ባለ ካልሲ ነዋ!»

ያኔ ትንንሾቹን አላየናቸው ይሆናላ። አድጎ…

ተቀመጥን። ፀሐይዋ ስትጠልቅ መጣ። ቀጭን፣ እግሩ ረዣዥም፣ አንዷ እግሩ የለችም። ወንድ! በመጀመሪያው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመና ቅጠሉን ዳሰሰ። አንኳኳ። ታ ታ ታ… ቆም። ጠበቀ። ታ ታ ታ… ቆም። ማን ይመልስለት? ወደ ሁለተኛው ሄደ። አንኳኳ። ሦስተኛው። ሁሉንም በማንኪያ የዘጋሁባቸውን ቤቶች፣ አንድም ሳይዘል።

«በየቀኑ ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለ ጋሼ በሹክሹክታ። «እኔ እኮ ሊያሳብደኝ ነው።»

ወደ እመት ቀረበ። እሷ ደጅ ላይ ናት። መዳፍ ብዘረጋ ሁለቱን እነካለሁ። የሷ ጉድጓድ አፍ ላይ ደረሰ፣ መሬቱን ዳሰሰ… ድር የለም። ምንም ድር የለም! ድሯ ከተማ ነው ያለው፣ በቆሻሻ ቅርጫቴ ውስጥ፣ እንዳትጠላለፍ ብዬ የለቀምኩት። ምንም አልሸተተውም። አላንኳኳም እንኳ። አጠገቧ አለፈ።

«አንሺውና አስጠጊው እንጂ!» አለ ጋሼ ተቆጥቶ። «ምን ታያለሽ?»

ዕቃውም ክዳኑም እጄ ላይ ነው። ክዳኑን ከፈትኩ። ልያዘው? ይዤስ? ተጋብተው ትበላዋለች? ፈርቶ ይሰበራል? ከተማ ልውሰዳቸው፣ ሁለቱንም፣ እንደገና፣ ሙቀት፣ ፌንጣ… ጣቴ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ከዚህ በፊት ሮጬ ሦስቱን ያወጣሁት በዚሁ እጅ ነው።

ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ጨለመ። ልክ ሠራሁ? አላውቅም። ጋሼ እስከ መኪናው ቀድሞኝ ወረደ።

ጥቅምት 15

ጋሼ ደወለ። «ያቺ ባልቴትሽ ገባች እኮ። በሯንም ሠራች፣ ድር በድር አድርጋዋለች፣ ያምራል!»

«እሱስ?»

«እሱማ…»

«ጋሼ?»

«ከዚያን ቀን ወዲህ አልመጣም። በየምሽቱ እጠብቃለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። እማዬ ከሶፋው፣ «ማነው?»

«የኮረብታው ዘበኛ። ሸረሪቷ ቤቷ ገባች።»

«እሰይ!» አለች። እድሜ ልኳን ሸረሪት የጠላች ሴት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እኔስ?»

ሻንጣዋን ከአልጋዬ ሥር ሳብኩ።

ጥቅምት 22

እማዬን ቤቷ አገባኋት። ጣሪያው እንደነበረው ነው፣ በአንድ በኩል ላስቲክ ወጠርኩበት። ዝናብ ሲመጣ እንጃ። አልጋዋን ወደ ደኅናው ጥግ ገፋን።

ከጎረቤቶቿ አንድም ሰው የለም። ግራው ቤት ተቆልፏል፣ ቀኙ ፈርሷል። ጨው የምትበደራት ሴትዮ ልጇ ጋ ሄዳለች አሉ። እማዬ ሁሉንም በመስኮት አየች። ወንበሯን ወስዳ በሩ አጠገብ አደረገች። ተቀመጠች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በሩን እያየች።

«እማዬ፣ እንመለስ?»

«ሂጂ አንቺ፣ ሥራሽ ይጠብቅሻል።»

የምን ሥራ? ወጣሁ። በሩን ከውጭ ዘጋሁት። ደጁ ላይ ቆምኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ።

አንኳኳሁ።

ከውስጥ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ማነው?»